ፑና፣ 1897፦ ቸነፈርን በወታደር የመከላከል ዘመቻ

ወረርሽኝ ሲነሣ መንግሥት የሰው ደጃፍ መርገጡ አይቀርም። የታመመ መታየት አለበት፣ የሞተ መመዝገብ አለበት። ይህ የጉዳይ ጥናት መንግሥት ደጃፉን አልፎ በወታደር ጓዳ ድረስ ሲገባ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ነው። ቦታው በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ ፑና የምትባል ከተማ ናት። ዛሬ ፑኔ ትባላለች።

ዘመቻው ምንም አልጎደለውም ማለት ይቻላል። ገንዘብ ነበረው፣ ሕግ ነበረው፣ ሐኪምና የሰው ኃይል ነበረው። የመሩት ሰዎችም ሕይወት እያዳንን ነው ብለው ያምኑ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሸፈ። አከሻሸፉን በዝርዝር ማየት ዛሬ በወረዳና በቀበሌ ወረርሽኝ ለሚከላከል ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዎቹን በሥራቸው እንጂ በስማቸው አልጠራም። ብዙዎቹ በታሪክ የታወቁ ናቸው፤ እዚህ የምንመረምረው ግን አሠራሩን ነው።

ዳራ

የቸነፈር በሽታ በ1894 ሆንግ ኮንግን መታ። የሚያመጣው ባክቴሪያም በዚያው ዓመት እዚያው ተለየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1896፣ የሕንድ የወደብ ከተማ ወደሆነችው ቦምቤይ (ዛሬ ሙምባይ) ደረሰ። መጀመሪያ የታየው ማንድቪ በተባለ የወደብ ሰፈር ነው። ሰፈሩ የእህል መጋዘን የበዛበት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ የዚያን ጊዜው አስተዳደር ግን ልብ አላለውም። ቸነፈር መሆኑን ቀድሞ የተናገረው የጎዋ ተወላጅ የሆነ ሐኪም ነበር። የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበር።

የቦምቤይ ማዘጋጃ ቤት የፍሳሽ ቦዮችን በባሕር ውኃና በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ጀመረ። ቤቶችን ኖራ ቀባ። የታመሙትንም በግድ ወደ አርተር ሮድ ሆስፒታል ወሰደ። በኦክቶበር ወር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ተሰብስበው ሆስፒታሉን አጠቁ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በባቡር፣ በጀልባና በእግሩ መሸሽ ያዘ። ቦምቤይ ያኔ 820 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። እስከ ፌብሩዋሪ 1897 ድረስ ግማሽ የሚጠጋው ወጥቶ ነበር።

ፑና ከቦምቤይ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባቡር ያገናኛቸዋል። እስከ 1818 ድረስ የማራታዎች መንግሥት መቀመጫ ነበረች። በእንግሊዞች ዘመን ትልቅ የጦር ሰፈር ተሠራባት፤ ክረምት ሲሆን የቦምቤይ ገዥ የሚቀመጥባትም እሷ ነበረች። ከዚህ ጎን የራሷ ጋዜጦች፣ ኮሌጆችና አንደበተ ርቱዕ ፖለቲከኞች ነበሯት። አሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶችና ዋዳ የሚባሉ ቤቶች የሞሉበት ነው። ዋዳ መሐሉ ግቢ ያለው ሰፊ ቤት ነው። ብዙ ቤተሰብ አብሮ ይኖርበታል፣ እህሉም እዚያው ይቀመጣል። እህል ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም።

በሽታው ፑና የገባው በ1896 መጨረሻ ነው። በጃንዋሪ 1897 በከተማዋ ውስጥ መዛመት ጀመረ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ ጥሎ ሸሽቷል።

ከላይ ደግሞ ግፊት መጣ። የአውሮፓ መንግሥታት ከሕንድ የሚመጣ መርከብና ሸቀጥ ሊዘጉ ዛቱ፣ አንዳንዶቹም ዘጉ። በቬኒስ ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ተጠራ። የሐጅ ጉዞ ከሕንድ ወደቦች ታገደ። የብሪታንያ ሕንድ መንግሥት ለንግዱ ሲል ፈጥኖ አንድ ነገር ሲያደርግ መታየት ነበረበት። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1897 የወረርሽኝ በሽታዎች ሕግ ወጣ። ሕጉ አራት አንቀጽ ብቻ ነበረው። ባለሥልጣኑ አስፈላጊ ነው ያለውን ማንኛውንም እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል፣ ተጓዥን ለመመርመርና የተጠረጠረን ለመለየት ሥልጣን ይሰጣል፣ እምቢ ያለውን ያስቀጣል። የመጨረሻው አንቀጽ በዚህ ሕግ መሠረት በቅን ልቦና ለተደረገ ነገር ማንም ሊከሰስ አይችልም ይላል። ዜጋው በደል ቢደርስበት ወዴት አቤት እንደሚል የሚናገር አንድም መስመር አልነበረውም።

ችግሩ በባለሥልጣኖቹ ዓይን

የዚያን ዘመን ሐኪሞች ባክቴሪያውን ያውቁታል። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሄድ ግን አልገባቸውም። ብዙዎቹ ከቆሻሻ፣ ከተበከለ ወለልና ግድግዳ፣ ከታመመው ሰው ልብስና ትንፋሽ ይመጣል ብለው ያስቡ ነበር። ይህ ሐሳብ እርምጃውን ሁሉ ወሰነው። የታመመ ሰው ተፈልጎ ይወጣል፣ ቤተሰቡ ይለያል፣ ቤቱ ይጸዳል። አለቀ።

ሰው ከመታመሙ በፊት አይጥ እንደሚሞት ሕዝቡ አይቷል። በሂማላያ ተራራ ሥር፣ በጋርዋልና በኩማኦን ያሉ መንደሮች፣ አይጥ ሲረግፍ ካዩ ቤታቸውን ጥለው ሜዳ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ይህ ልማድ ከፑናው ዘመቻ ብዙ ዓመት ቀድሞ በመንግሥቱ በራሱ ሪፖርቶች ላይ ተጽፏል። ያም ሆኖ ፑና ላይ የተዘረጋው እቅድ ሰውን የሚያሳድድ እንጂ አይጥን የሚከታተል አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር መደበቅ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በ1897 ፑና ግን ላልደበቀውም መድኃኒት አልነበረም። ሆስፒታል ከገቡት የቸነፈር በሽተኞች ብዙዎቹ ይሞታሉ። በሽተኛ ያለበት ቤት ራሱን ካጋለጠ በሽተኛውን ይነጠቃል፣ ጤነኞቹ ወሸባ (ለይቶ ማቆያ) ይገባሉ፣ ዕቃው ይቃጠላል። በምላሹ የሚያገኘው ነገር የለም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የደበቀውን ቤተሰብ አላዋቂ ማለት አልችልም። እኔም ብሆን ልጄን የምሰጥ አይመስለኝም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በማርች 1897 ሦስት አባላት ያሉት የቸነፈር ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው በሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ውስጥ የሚሠራ እንግሊዛዊ ሹም ነበር። ከዚያ በፊት በሳታራ አውራጃ ሲሠራ በጥብቅነቱ ስም አውጥቷል። ከአባላቱ አንዱ በሆንግ ኮንግ ቸነፈር ላይ የሠራ የጦር ሐኪም ነው። ዘዴውም በብዛት ከዚያ የተቀዳ ነበር። ሆንግ ኮንግም ላይ ወታደር ቤት ለቤት ዞሮ በሽተኛ ለቅሟል፣ ግድግዳ ኖራ ቀብቷል። እዚያም ሰዎች ሬሳ ደብቀዋል፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወደ ቻይና ሸሽተዋል። ፑና የደረሰው ዘዴው ብቻ ነው፤ ያስከተለው ጣጣ ከዘዴው ጋር አልተላለፈም።

ኮሚቴው የቤት አሰሳውን ማን ይሥራው በሚለው ላይ አውቆ ወሰነ። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ሥራው ተነጠቀ። የአካባቢው ሰው ለዘመድ ያዳላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ሥራውን በግማሽ ይተዋል ተባለ። እንግሊዛዊ ወታደር ግን ሥነ ሥርዓት አለው፣ አያዳላም፣ የታዘዘውን ይፈጽማል ተባለ። 893 መኮንኖችና ወታደሮች ተመደቡ። ሕንዳውያን ወታደሮችም ነበሩበት፤ አብዛኛው ሥራ የተሰጠው ግን ለእንግሊዛዊው ጦር ነው። አሰሳው ማርች 13 ቀን 1897 ተጀመረ።

የአንድ ቤት ፍተሻ እንዲህ ይሄድ ነበር። አንድ ሰፈር በጠዋት ይከበባል። ቡድኑ በር ያንኳኳል። ቤቱ ከተቆለፈ ይሰበራል። ወታደሮቹ ጫማቸውን እንዳደረጉ ክፍል ለክፍል ያልፋሉ፣ ጓዳው ውስጥ ይገባሉ፣ አማልክቱ የሚቀመጡበት የጸሎት ክፍልም ይገባሉ። ከፍተኛው የሂንዱ መደብ በሆኑት በብራህሚኖች ቤት ጓዳው እጅግ የተጠበቀ ቦታ ነው። የቤቱ ሰው እንኳ ሳይታጠብ አይገባበትም፤ የውጭ ሰው ከረገጠው ምግቡ አይበላም። ቸነፈር ንፍፊት ያወጣል። ንፍፊቱ የሚወጣው ብሽሽት፣ ብብት ወይም አንገት ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ልብስ ማስወለቅ ነበረበት። ወንዶች ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም ደጅ መንገድ ላይ ይታያሉ። ሴቶችን ሴት ታያቸው የሚል መመሪያ ነበር። ለዚያ ሁሉ ቤት የሚበቃ ሴት መርማሪ ግን አልነበረም። ሴቶች በጎረቤትና በባዕድ ወታደር ፊት ገላቸው እንደታየ በምሬት ተነገረ። የቤት ገበና አደባባይ ወጣ።

የታመመ ከተገኘ ወደ ቸነፈር ሆስፒታል ይወሰዳል። አብረውት የኖሩት ወደ ወሸባ ሰፈር ይጓዛሉ። አልጋውና ልብሱ ይቃጠላል። ወለሉ ይቆፈራል፣ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ቤቱ ምልክት ይደረግበታል። ሞት ሳይመዘገብ ቀብርም ሆነ ሬሳ ማቃጠል ተከለከለ። ይህ የመጨረሻው በራሱ ተገቢ እርምጃ ነው። ሬሳ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ቤተሰብ ግን እንደዚያ አያየውም።

ኮሚቴው ከከተማው ታዋቂ ሰዎች ፈቃደኞች ከወታደሩ ጋር እንዲዞሩ ጠይቆ ነበር። የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ወደ ጎረቤቱ ቤት በወታደር ታጅቦ መግባት ማንም አይፈልግም።

የከተማዋ ሰዎች በራሳቸው ምን አደረጉ

ይህን ክፍል ለብቻው የለየሁት ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ነው። ፑና ዝም ብላ የተፈተሸች ከተማ አልነበረችም።

በማራቲና በእንግሊዝኛ ሁለት ጋዜጣ ያሳትም የነበረ አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ መጀመሪያ ላይ የቸነፈር መከላከልን ደግፏል። ከተማውን ጥለው የሸሹትን ባለጸጎች ወቅሷል። የሂንዱዎች የቸነፈር ሆስፒታል እንዲከፈትም ደክሟል። እዚያ የተኛ በሽተኛ የሚበላው በወገኖቹ የተሠራ ምግብ ነው፣ ዘመዱም ሊጠይቀው ይችላል። የተቃወመው አፈጻጸሙን ነበር።

ሌላዋ በ1848 በፑና የሴት ልጆች ትምህርት ቤት በመክፈት ስሟ የተጠራ መምህርት ናት። በ1897 ዕድሜዋ 66 ደርሷል። ሐኪም ከሆነው የማደጎ ልጇ ጋር ከከተማው ዳር፣ ክፍት ሜዳ ላይ፣ የቸነፈር ክሊኒክ ከፈተች። በሽተኞቹን ራሷ እየሄደች ታመጣ ነበር። ከዝቅተኛው መደብ የተወለደ አንድ የታመመ ልጅ በጀርባዋ አዝላ ክሊኒኩ አደረሰች። ከዚያ በሽታው ያዛት፣ ማርች 10 ቀን ሞተች። ከሦስት ቀን በኋላ ወታደሮቹ አሰሳ ጀመሩ።

ይህችን ሴት ሳስብ ሁለቱን አሠራሮች ሳላወዳድር ማለፍ አልችልም። ሁለቱም በሽተኛውን ከቤቱ ያወጣሉ። አንደኛው ጋ ግን ሰዎች በሽተኛቸውን አልደበቁም።

ከሁሉም የሚበልጠው ብዙዎች በዝምታ ያደረጉት ነገር ነው። ቤታቸውን ለቀው ከከተማው ውጭ በጊዜያዊ ጎጆ ሰፈሩ። አይጥ ከሞተበት ቤት መራቅ እንደሚያድን ዛሬ እናውቃለን። በባቡር ርቀው የሄዱት ደግሞ በሽታውን ይዘው ሄዱ። ፑናም ያገኛት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ መሸሽን በጅምላ ማወደስ አይቻልም፤ ወዴት እንደተሸሸ መለየት ያስፈልጋል።

ምን ሠራ

እውነቱን ለመናገር የሠራው ጥቂት ነው። የሞት ምዝገባው ጥብቅ መሆኑ የበሽታውን መጠን ለማወቅ ረድቷል። የየማኅበረሰቡ ሆስፒታል ሲከፈት ሕክምና መሄድን የሚፈራው ሰው ቀነሰ። ከኦዴሳ የመጣ አንድ ተመራማሪ ቦምቤይ ውስጥ በሦስት ወር ሥራ ክትባት አዘጋጅቶ ጃንዋሪ 10 ቀን 1897 መጀመሪያ በራሱ ላይ ሞክሮት ነበር። ክትባቱ በሽታውን ፈጽሞ አይከላከልም፣ የመያዝንና የመሞትን ዕድል ግን ይቀንሳል። በፑና ዘመቻ ውስጥ ዋናው መሣሪያ እሱ አልነበረም።

በኤፕሪልና በሜይ በሽታው ቀነሰ። አሰሳው በሜይ 19 አካባቢ አበቃ። ኮሚቴው ውጤቱን እንደ ድል አየው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በምዕራብ ሕንድ ኤፕሪልና ሜይ በጣም ሞቃትና ደረቅ ወራት ናቸው። በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቁንጫ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቁንጫ አይበረክትም፣ ቸነፈርም በየዓመቱ ይረግባል። ይህ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ወታደር ገባም አልገባ በሽታው በሜይ መውረዱ አይቀርም ነበር።

ምን አልሠራም

ቁንጫው እየዘለለ የሚሄደው ከሞተ አይጥ ወደ ሰው ነው። ወለል ሲቆፈርና ቦይ ሲታጠብ አይጡ ወደ ጎረቤት ቤት ይሸሻል። የታመመው ሰው ከቤት ሲወጣ ቁንጫው እዚያው ይቀራል። በሽታው በዝናቡ ወራት ተመልሶ መጣ፤ የ1897–98ቱ ማዕበልም ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ።

አሰሳው በሽተኞችን ከዓይን አራቀ። ሰዎች የታመመ ዘመዳቸውን ከቤት ወደ ቤት አዛወሩ፣ በቁም ሣጥንና በጣሪያ ሥር ሸሸጉ፣ ሬሳም በሌሊት አወጡ። ሆስፒታል ሰው መግደያ ነው የሚለው ወሬም በየቦታው ተዛመተ።

የአቤቱታው ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ በጻፈው ሪፖርት የሴት ክብር ሆን ተብሎ እንደተነካ የሚያሳምን አቤቱታ አልቀረበም ብሏል። ምናልባት ቃል በቃል ሲታይ ልክ ነው። ግን አቤቱታ እንዴት ይቀርብ ነበር? ተበዳዩ ስሙን አስመዝግቦ፣ ምስክር ይዞ፣ ወታደሩን ለይቶ ለራሱ ለወታደሩ አለቃ ነው የሚያመለክተው። የተደፈረች ወይም ገላዋ የታየባት ሴት ይህን ማድረግ ማለት ውርደቷን በአደባባይ መድገም ነው። በወቅቱ ለንደን የነበረ ሌላ የፑና ፖለቲከኛ ከአገሩ በደረሱት ደብዳቤዎች ተነሥቶ በደሉን ለእንግሊዝ ጋዜጣ ተናገረ። ሲመለስ ማስረጃ አምጣ ተባለ። የጻፉለት ሰዎች ስማቸውን ለመስጠት አልደፈሩም። ክሱን ለማንሣትና በይፋ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። የመበለቶች መጠለያ የምትመራ አንዲት የታወቀች ክርስቲያን ሴትም በቸነፈር ሆስፒታሉ ስላለው አያያዝ በጋዜጣ ጽፋ ነበር። ገዥው አስተባበለ።

እንግዲህ ቅሬታ በሕጋዊ መንገድ መውጫ አጣ። ጁን 22 ቀን 1897 የንግሥት ቪክቶሪያ የ60 ዓመት ንግሥና በዓል በገዥው ቤት ተከበረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሌሊት በሠረገላ ሲመለስ ተተኮሰበት። ከኋላው በነበረው ሠረገላ የተቀመጠ አንድ ወጣት መኮንንም ተመታ። መኮንኑ ወዲያው ሞተ፣ ሰብሳቢው ጁላይ 3 ቀን አረፈ። የተኮሱት ወንድማማቾች ናቸው። ቀድሞም የብሪታንያን አገዛዝ ይጠሉ ስለነበር ነገሩን ሁሉ ቸነፈር አመጣው ማለት ትክክል አይሆንም። ከያዟቸው ምክንያቶች መካከል ግን የቤት አሰሳውና የተቀደሱ ቦታዎች መረከስ ዋነኞቹ ነበሩ። ሦስት ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው በ1898 እና በ1899 ተሰቀሉ።

መንግሥት ደግሞ ሌላ ስሕተት ጨመረበት። በነዋሪው ወጪ የሚቀለብ ተጨማሪ ፖሊስ ከተማዋ ላይ ተመደበ። ቀደም ሲል ሆስፒታል እንዲከፈት የረዳው ጋዜጠኛ በጽሑፎቹ ምክንያት ሕዝብን በማነሣሣት ተከሶ በሴፕቴምበር 1897 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ ሊሰማው የሚችለው ሰው እስር ቤት ገባ። በሽታው የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው።

በኋላ የመጣው ለውጥ

ነገሩ ፑና ላይ አልቆመም። በማርች 1898 ቦምቤይ ውስጥ በሙስሊም ሸማኔዎች ሰፈር አንዲት የታመመች የ12 ዓመት ልጅ ለመውሰድ ሲሞከር ረብሻ ተነሣ፣ ሰው ሞተ። በ1900 ካንፑር ላይ የወሸባ ሰፈር ተጠቃ። የብሪታንያ ሕንድ መንግሥት ቀስ በቀስ አሰሳውን አላላ። በግድ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ቀረ። የአገሬው ሐኪሞችና ሽማግሌዎች እንዲሳተፉ ተፈቀደ፣ በፈቃድ ቤት መልቀቅና ከከተማ ውጭ መስፈር ተበረታታ። መንደሮች ከድሮ ጀምሮ ያደርጉት የነበረው ነገር የመንግሥት ምክር ሆነ።

የበሽታው መተላለፊያም ተገኘ። በ1898 አንድ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም ካራቺ ውስጥ በትልቅ ጠርሙስ ሙከራ አደረገ። በቸነፈር የታመመ፣ ቁንጫ ያለበት አይጥ ውስጥ አስገባ። ጤነኛ አይጥ ደግሞ በሽቦ ወንፊት ቀፎ አድርጎ አጠገቡ አኖረ። ሁለቱ አይነካኩም፣ ቁንጫ ግን በወንፊቱ ያልፋል። የመጀመሪያው አይጥ ሞተ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጤነኛው ታሞ ሞተ። ብዙ ሳይንቲስቶች አላመኑትም። ከ1905 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ የሠራ የምርምር ኮሚሽን በሰፊው ሙከራ አረጋገጠው። እስከዚያ ድረስ በሽታው ፑንጃብና ሰሜን ሕንድ ደርሷል። በ1907 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቷል። ከ1896 አንሥቶ ባሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የሞተው ሕንዳዊ 12 ሚሊዮን ያህል ይገመታል።

ክትባቱም የራሱ ፈተና ገጠመው። በኦክቶበር 1902 ማልኮዋል በተባለ የፑንጃብ መንደር ከተከተቡት 107 ሰዎች 19ኙ በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። የተወጉት ከአንድ ጠርሙስ ነው። ተመራማሪው ከሥራ ታገደ፣ በ1907 ነጻ ተባለ። በዚያ መሐል ሕዝቡ በመርፌው ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሯል።

ከጉዳዩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

አንድ ቤተሰብ «ታመመብኝ» ብሎ ሲናገር የሚከፍለው ዋጋና የሚያገኘው ጥቅም አስቀድሞ መሰላት አለበት። ፑና ላይ ዋጋው ሁሉም ነገር፣ ጥቅሙ ባዶ ነበር። የተቃጠለ አልጋ ይተካል? ወሸባ የገባ የቀን ሠራተኛ ምን ይበላል? ዘመድ በሽተኛውን ማየት ይችላል? እነዚህ ሳይመለሱ አሰሳ መጀመር በሽተኛ ማሸሽ ነው። የሂንዱዎቹ ሆስፒታል ይህን በከፊል መልሷል፤ መድኃኒቱ ከሌላው የተለየ አልነበረም።

ማን ይግባ የሚለው ውሳኔ የሕክምና ውሳኔ ነው። ኮሚቴው ለአድልዎ በመስጋት የአካባቢውን ሰው ገሸሽ አደረገ። ስጋቱ መሠረት አልነበረውም አልልም፤ ዘመድ ለዘመድ ያደላል። ግን መፍትሔው ቁጥጥር ነበር። ቋንቋውን የማያውቅ፣ የቤቱን ወግ የማያውቅ፣ ጫማውን የማያወልቅ ሰው ንፍፊት ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም። ሴት መርማሪ ከሌለ ሴትን መመርመር መዘግየት ነበረበት። መመሪያው ወረቀት ላይ ስለነበረ ብቻ እንደተፈጸመ ተቆጠረ።

አቤቱታ አልመጣም ማለት በደል የለም ማለት አይደለም። ከዘመቻው ውጭ የሆነ ሰው፣ በተለይ ሴት፣ ስም ሳያስጽፍ የሚሰማበት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን መከፈት አለበት። ፑና ላይ ጋዜጦቹ ይህን ሥራ እየሠሩ ነበር። አስተዳደሩ እንደ ማስጠንቀቂያ ከማንበብ ይልቅ ከሰሳቸው።

ውጤትን በአንድ ወቅት መለካት ያታልላል። በሽታ የራሱ ወቅት አለው። ዓመት ሳይሞላ ድል ማወጅ ቀጣዩን ማዕበል ሳይዘጋጁ መቀበል ነው።

የሕዝብ ምልከታን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕዝብ ያለው ሁሉ ልክ አይደለም። ሆስፒታል ሰው መግደያ ነው የሚለው ወሬና አይጥ ሲሞት ቤት ልቀቅ የሚለው ልማድ ከአንድ ሕዝብ የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ሁለተኛው የሚታይና የሚቆጠር ነገር ይዟል፤ አይጥ መሞቱን ማንም ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። ኮሚቴው በየሰፈሩ የሞቱ አይጦችን ቢያስቆጥር ኖሮ ከ893ቱ ወታደሮች ይልቅ ቀጥሎ የሚታመመውን ሰፈር የሚያመለክተው ያ ቁጥር በሆነ ነበር። ኋላ የመጣው የምርምር ኮሚሽን ያደረገውም በዋናነት ይህንኑ ነው፤ አይጥ በየቀኑ ሰብስቦ መርምሯል።

የሕጉ ነገር ገና አልተዘጋም። የ1897ቱ ሕግ ከቅኝ ግዛት በኋላም ሕንድ ውስጥ ጸንቶ ቆየ። በማርች 2020 ኮሮና ሲገባ የሕንድ ክልሎች ያንኑ ሕግ መዘው ተጠቀሙበት። በዚያው ዓመት ማሻሻያ ተደረገበት። በጤና ሠራተኛ ላይ ጥቃት የፈጸመ እስከ ሰባት ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ድንጋጌው የሚያስፈልግ ነበር፤ ሐኪሞችና ነርሶች ተደብድበዋል። ቤቱ የሚገባበት ሰው በየት በኩል አቤት እንደሚል ግን በዚያ ማሻሻያም አልተጻፈም። በቅን ልቦና ለተደረገ ነገር ማንም አይከሰስም የሚለው አንቀጽ አልተነካም።